ጭጎጎት

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሐይቁ ገና ሳይነሳ፣
ጭጋጉን እስከ አገጩ ስቦ፣ ሕልሙን ሳይረሳ፣
ስምንት ሆነን ቆምን ከአጥሩ በር ላይ፣
አስጎብኚው ላሊሞ ይመጣ እንደሆን ስናይ።
መጣ። የካኪ ኮት፣ የሸምበቆ በትር፣
አንድ ጣት የጎደለው እጅ፣ የማይቸኩል እግር።
«ስልካችሁን ዝም አሰኙ፤ ቀስ በሉ፣ በዝግታ፣
ባለቤቶቹ ቁርስ ላይ ናቸው፤ አይገባም በጫጫታ።»

እኔ ቀያሽ ነኝ። ይህን ግን ለማንም አላልኩም፣
ከቦርሳዬ ያለውን ካርታ አንዴም አላወጣሁም፦
ሀዋሳ፣ ከሐይቁ እስከ ጫካው፣ በነጭ ወረቀት ላይ፣
«ባዶ መሬት» ይላል፤ በቀይ፣ ጎልቶ እንዲታይ።
የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ሐሙስ ከምሳ ሰዓት፣
ከሰማይ በተነሳ ፎቶ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ በመገመት።

ጫካው በሾላ ጀመረ።
ግንዱን ሦስት ሰው ያቅፈዋል፤ ሥሩ መንገዱን ሰብሯል፣
ጉሬዛ ከላይ ሆኖ ጅራቱን እንደ ፎጣ አስጥቷል።
ፍሬ ጣለብን። አንዱ የወይዘሮ ዘርትሁንን ጃንጥላ መታ፣
«ሰላምታ ነው» አለ ላሊሞ፣ ሳይዞር፣ በቀስታ።

ከዚያ የሣሩ ሜዳ። ዛፉ አለቀ በድንገት፣
ብርሃን ፊታችንን መታው እንደተከፈተ መስኮት።
ሣሩ እስከ ወገብ ነው፤ ጤዛው ሱሪያችንን አራሰው፤
ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ፣ ሲሄድ ቀና ይላል፣ እንደ ሰው።
«ባዶ ይመስላል» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።
ላሊሞ ቆመ። ዘንጉን ተክሎ አየኝ።
አልተቆጣም። ተንበረከከ። ሣሩን ለሁለት ከፈለው፤
የልጇን ጸጉር የምትሠራ እናት ነው የሚመስለው።
ከሥሩ ጎጆ፤ ሦስት እንቁላል፣ ነጠብጣብ የተረጨበት፣
የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል፣ ገና የእናቱ ሙቀት ያለበት።
ከጎጆው ጎን የአይጥ መንገድ፤ ከመንገዱ ጎን የእባብ ቆዳ፤
«እንግዲህ» አለ «ይሄ ነው፣ ማንም የማይኖርበት ሜዳ።»
ትንሹ ምንተስኖት ደብተሩን አወጣ፤
«እንቁላል፣ ሦስት» ብሎ ጻፈ፤ «እባብ፣ ልብሱን ትቶ የወጣ።»

ዳርቻው ላይ ደንገል፣ ቄጤማ፤ ጭቃው ጫማ ይስማል፣
አባ ኮዳ፣ ራሰ በራው፣ ኮቱን ለብሶ ይቆማል፣
ቀብር አምልጦት እንደመጣ ሽማግሌ፣ የሚለው ጠፍቶት።
ሳቢሳዎች ብድግ አሉ፣ እንደ ወረቀት፣ ምንም እንዳልተጻፈበት።

ላሊሞ ውሃው ዳር አረፍ ሲል፣ ስለ ጣቱ ጠየቀው ልጁ።
«ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ» አለ፣ እያየ ወደ እጁ፣
«መረቤ ጠባብ ነበር፤ ጨቅላ ዓሣ የሚይዝ፣
ቆሮሶ ባነሰ ቁጥር፣ እጄ የሚጓጓ፣ ልቤ የሚደነዝዝ።
አንድ ሌሊት ጉማሬ መጣ። ጀልባዬን ገለበጠ፤
ገመዱ ጣቴን ይዞ፣ ከመረቡ ጋር ሰመጠ።
ቂም የለኝም። እሱ ቤቱ ነው። እኔ ነኝ በሌሊት የገባሁ።
አሁን በቀን ነው፤ ደግሞም አንኳኩቼ ነው የመጣሁ።»

ማንም አልሳቀም። ቆየት ብለን ሁላችንም ሳቅን።
ውሃው ላይ አረፋ ታየ፤ ሁላችንም ዝም አልን።
ሁለት ጆሮ። ሁለት ዓይን። ጉማሬው እስትንፋሱን ተፋ፤
ምንተስኖት ሊጽፍ እርሳሱን አነሳ፤ ቃሉ ጠፋ።

ስንመለስ ታቦር ተራራ ጸሐይ ይሞቃል፤ ከወዲያ ማዶ
ባጃጆች ይጮኻሉ፤ ከተማው ተነስቷል፣ በሥራው ተጠምዶ።
በሩ ላይ እጄን ጨበጠኝ፤ አራት ጣት፣ ሸካራ፤
«ምን ትሠራለህ» አላለኝም። እኔም አላነሳሁ ስለ ሥራ።

ሰኞ። ቢሮ። ማራገቢያው ይዞራል። ካርታውን ዘረጋሁ።
ከቦርሳዬ ማንገቻ አንድ ነገር ወደቀ፤ አነሳሁ፦
ጭጎጎት ነው። አምስት ዘር፣ አምስት መንጠቆ፣
ሳልጋብዘው የመጣ፣ ሁለት ቀን ጨርቅ ተናንቆ።
«ባዶ» ከሚለው ቃል ላይ አኖርኩት። ልጠርገው ስል ደግሞ
እጅጌዬን ያዘኝ፣ «እንመለስ» እንደሚል ልጅ፣ ቆሞ።

አለቃዬ በሩን ከፈተ፦ «ካርታው አለቀ?» አለ።
«ገና ነው» አልኩ፤ «የቀረው ነገር አለ።»
ምን እንደቀረው ግን አልጠየቀኝም።
ቢጠይቀኝም፣
የሣሩን ስም፣ የወፏን ስም እንኳ፣ አላውቅም።